ከመዝገባችን በፊት የነበረ ማኅበር፦ ወዳጅነትና ሐዘን በወሎ ገበሬ ቤት

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓል በመጣ ቁጥር የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስንት መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየኑን እንደ መሠረቱ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደ ተሠራጨ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደ ሆነ ይዘረዘራል። መነገሩ ተገቢ ነው፤ የአባላት ገንዘብ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ግን ከቁጥሩ ትንሽ ወጣ ብለን፣ ማኅበር የሚባለው ነገር በአዋጅ ከመመዝገቡ በፊት በወሎ ገበሬ ቤት ምን ይመስል እንደ ነበር፣ በተለይም ሰው ወዳጅ ሲያፈራና ወዳጁ ሲሞትበት ምን ይሆን እንደ ነበር ለማየት እንሞክራለን። ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፎልናል። ስለ አንድ ገበሬና ስለ ጓደኛው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እነርሱም ደብዳቤ አልተጻጻፉም፤ ፍቅራቸው ያለው በሥራቸው ውስጥ ነው።

ከመቀናጆ እንጀምር። ቀንበር ሁለት በሬ ይፈልጋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደ እርሱ አንድ በሬ ያለውን ሰው ፈልጎ ይቀናጃል፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው ይታረሳል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዝናቡ ዘግይቶ ጥሎ የሁለቱም ማሳ በአንድ ቀን ሲደርስ ማን ይቅደም? የአንደኛው በሬ ቢታመም፣ ወይም በሌላው እጅ ሳለ ገደል ቢገባስ? ይህንን ሁሉ በየዓመቱ ሳይጣሉ የሚወጡት ሁለት ሰዎች ከወንድማማች አያንሱም። ወንፈልም ደቦም የብዙ ሰው ጉዳይ ነው፤ ደቦ ላይ ሰው በጠላው በዘፈኑ ይበረታል፣ ሰነፍም ቢኖር በብዙው መካከል ይሸሸጋል። መቀናጆ ግን የሁለት ሰው ነውና መሸሸጊያ የለውም። ለዚህ ነው መቀናጆዎች ኋላ ላይ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥቶ አበልጅ ሲሆኑ የምናየው። አንደኛው ሙስሊም፣ ሌላኛው ክርስቲያን እንደ ሆኑም በዓል በመጣ ቁጥር ይጠራራሉ።

የዚህ ወዳጅነት ክብደት የሚታወቀው ደግሞ አንዱ ሲሞት ነው። በደጋው አገር ልማድ ሴት ታርማለች፣ ትጎለጉላለች፣ ምርት ትሰበስባለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ባሏ የሞተባት ሴት በአንድ ቀን ባሏንም አራሿንም ታጣለች። በሬው በረት ውስጥ ቆሞ መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው። ያላት ምርጫ መሬቱን የእኩል መስጠት ነው፤ ይህም ማለት ልጆቿ ከሚበሉት ግማሹ ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ይገባል ማለት ነው። ከዚህ የሚያድናት የባሏ መቀናጆ ከራሱ ማሳ ጋር የሟቹንም ማሳ ያረሰላት እንደ ሆነ ነው። በለቅሶው ቀን ደረቱን ያልመታ ሰው የለም፤ የሟች ወዳጅ የሚለየው በሐምሌ ነው።

ለለቅሶው ለራሱ ደግሞ ቅሬ አለ። ከተሜው እድር የሚለውን፣ ሐረሮች አፎሻ የሚሉትን፣ የወሎ ገጠር ቅሬ ይለዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የአንድ ቅሬ አባል የሚሆንበት ቀበሌ ብዙ ነው። ሰው ሲሞት ጥሪ ይደረጋል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፤ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ እህል ይዘው ይመጣሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። መዋጮም አለ፤ ነገር ግን ቅሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን መገኘት ነው። ድኻም ሀብታምም እኩል ሊከፍለው የሚችለው መዋጮ እርሱ ብቻ ይመስለኛል።

ሰው ከቤቱ ርቆ ከሞተ ደግሞ መርዶ ይመጣል። ወሬውን ቀድሞ የሰማው ሰው መንገድ ላይ አይናገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ቀን ይመርጣሉ፣ ጎረቤቶች አስቀድመው እንዲያውቁ ይደረጋል፤ ከዚያም ገና ሳይነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሐዘንተኛው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነው። መርዶ ሲነገር ለቅሶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ፣ በሙስሊሙም ቤት ሰደቃው ይከተላል። መርዶ ካልመጣ ግን ሐዘኑ የሚጀመርበት ቀን የለውም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ 1977 ዓ.ም. ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ከዚያ በፊት ስለ 1967 ዓ.ም. አንድ ነገር ልበል። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው የጭሰኝነትን መቅረትና 10 ሔክታሩን ጣሪያ ነው። አዋጁ መሬትን በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም ከልክሏል። ከዚህ ክልከላ ግን ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ እንዲሁም ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ የትዳር ጓደኛውንና አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን ነጻ አድርጓል። ባለይዞታው ሲሞት መሬቱን የመጠቀም መብት ለትዳር ጓደኛውና ለትንንሽ ልጆቹ እንደሚተላለፍም ደንግጓል። ያን የሚያህል የሥርዓት ለውጥ ያመጣ ሕግ፣ በሐምሌ ብቻዋን የቀረችውን ሴት አለመርሳቱን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ግን በአዋጁ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት አባል አድርገው ይመዘግቡ የነበረው በአብዛኛው አባወራውን ነው። ሕጉ ያያትን ሴት መዝገቡ አላያትም።

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከደረሰበት ረሀብ ገና በቅጡ ሳያገግም የ1977ቱ መጣ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ ለዓለም ሲያሳይ፣ ዓለም ያየው የሞተውን ሰው ነበር። የአገሩ ሰው ያየው ግን ሌላም ነገር ነው፤ ቀባሪ መጥፋቱን። የቅሬው አባል ራሱ ተርቦ ተኝቷል። በሬ ተሽጧል ወይም ሞቷል፤ በሬ ከሌለ መቀናጆም የለም። ወንፈልም ደቦም የሚቆሙት ቢያንስ ጥቂት እህል ባለበት ቤት ነው። የረሀብን ጉዳት በሟች ቁጥር ብቻ የምንለካ ከሆነ ይህ ከሒሳቡ ይወጣል።

ቀጥሎ ሠፈራው መጣ። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተወሰደ። ወዶ የሄደ ነበር፤ ከገበያና ከእርዳታ መቀበያ ተይዞ የተወሰደም ነበር። ሚስት እቤት ቀርታ ባል ሄደ፣ ልጅ ከአንዱ መኪና ወላጅ ከሌላው ተሳፈረ። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ በወባ ወደቀ። እዚያ የሞተው ሰው መርዶ በማን በኩል ይምጣ? ሟቹን የሚያውቁት ጎረቤቶች እዚህ፣ ሲሞት ያዩት እዚያ ናቸው። እቤት የቀረችው ሴት ባለ ባል አይደለችም፤ ጥቁር ለብሳ እንዳትቀመጥ ደግሞ መርዶ አልተነገራትም። ጥቂት ዓመት ጠብቀው ሌላ ያገቡ አሉ፤ ሳያገቡ የቀሩም አሉ። ሠፋሪውም በሄደበት በመጀመሪያ ካቋቋማቸው ነገሮች አንዱ እድር ነበር፤ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ከምንም በፊት መቃብር ቆፋሪ ያስፈልጋቸው ነበርና።

መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ ከሠፋሪው ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ። በእግሩ የመጣ ነበር። አንዳንዱ ሚስቱን አግብታ፣ ማሳውን በሽንሸና ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አገኘው። ለዚህ ጉዳይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ከባድ ሸንጎ ነበር የተቀመጡት፤ ሦስቱም ወገን አልዋሸም፣ ሦስቱም አላጠፋም። ያለው ሕግ ለዚያ አልተዘጋጀም፤ ልማዱም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎች የምትሆን አንዲት ነገር አለች። በአዋጅ ቁጥር 138/1970 መሠረት የተደራጁት የአምራቾች ማኅበራት በሬውንም መሬቱንም አንድ ላይ አድርገው ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ ጊዜ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱ በሬያቸውን እየነዱ ወደየቤታቸው ሄዱ። ቅሬ ግን አልፈረሰም። ረሀብ አድክሞት የነበረው እንኳ ሰው ሲመለስ ተመለሰ። የዛሬዎቹ ማኅበራት መነሻ የሆነው አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባልነት በፈቃደኝነት ይሁን ሲል ቅሬዎች ሲሠሩበት ወደ ኖሩት ነገር ቀርቦ ነው፤ ከፖሊሲ መጽሐፍ ብቻ የተገኘ አድርገን ባንናገረው ጥሩ ነው።

በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀመር ባልና ሚስት በስማቸውም በፎቶግራፋቸውም አብረው ገቡበት። ፎቶግራፍ አንሺ ገጠር ድረስ ወጣ። ሠርጋቸው በደቦ ዳስ የተደረገ፣ ሥዕል የሚባል ነገር ያላዩ ሽማግሌና አሮጊት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሁን ከሁለቱ አንዳቸው የሞቱበት ቤት ብዙ ነው። ደብተሩም በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለክርክር ብቻ ተብሎ አይደለም።

የመሠረታዊ ማኅበራት የአባላት መዝገብ ግን ከዚህ ወደ ኋላ ቀርቷል። በብዙ ቦታ የሰፈረው የአባወራው ስም ብቻ ነው። ባል ሲሞት መሬቱ የእርሷ መሆኑን ደብተሩ ይመሰክርላታል፤ ዕጣው ግን በሟች ስም ተቀምጦ ይቆያል፤ በጉባኤው ድምፅ ለመስጠት እጇን ስታነሣ አባልነቷ ያጠያይቃል። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሲያዝ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የሟች አባላቱን ስም ዝርዝር፣ ዕጣቸው አሁን በማን እጅ እንዳለ ጽፎ ይዞ ቢቀርብ መልካም ነው። ዝርዝሩን ለማጣራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የየቅሬው ዳኛ ማን መቼ እንደ ተቀበረ ያውቃል።