የካዛንቺስ ምሽት፦ በተቋረጡ ፕላኖች መካከል የበቀለ ሰፈር



ዛሬ የምናገረው ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ሽቅብ ለሚሄድ እግረኛ ሃያ ደቂቃ ያህል ርቆ ስለሚገኝ ሰፈር ነው። ወይም ትክክለኛውን ግሥ ልጠቀምና፣ ይገኝ ስለነበረ ሰፈር።

የአዲስ አበባን ታሪክ ስናስተምር፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸውን እንጠቅሳለን። ብዙም የማናተኩርበት ግን መኳንንቱ ወደ ሜዳው የወረዱት ሊታጠቡ፣ ሊታከሙና ከእንጦጦ ብርድ ሊያርፉ መሆኑን ነው። መዝናኛው ቀደመ፤ ቤተ መንግሥቱ ተከተለ። መዝናኛን ከከተማ ታሪክ ዳር የሚያስቀምጥ ጸሐፊ የከተማዋን ልደት ራሱን ዳር ያስቀምጣል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የኢጣሊያ ነው። «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው የኢጣሊያ ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። በወረራው ዘመን ጊዲና ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች የነደፉት ፕላን ነጩን ከአገሬው በሰፈር የሚለይ፣ የአገሬውንም ገበያ ወደ ምዕራብ የሚያዛውር ነበር። መርካቶ ከዚያ ሐሳብ ወጣ፤ ካዛንቺስ ደግሞ ለኢጣሊያ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ተመደበ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ፕላኑ ገና ጅምር ነበር። በጅምሩ መካከል፣ በቪላዎቹ ጓሮና በመንገዶቹ ዳር፣ የጭቃ ቤቶች ተሠሩ። የመጀመሪያው የተቋረጠ ፕላን ይህ ነው።

በ1950ዎቹ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መጣ፤ በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ካዛንቺስ የእንግዳ ጎረቤት ሆነ። የከተማዋ ምሽት ስሙ የገነነው ግን ያኔ እዚያ ሳይሆን፣ በደጃዝማች ውቤ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ በተባለው አካባቢ ነበር። ያንን ምሽት የገደለው ሰዓት እላፊ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የጠጣ ሰው ወይ በጊዜ ይገባል፣ ወይ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድራል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ተማሪ የነበርን ሰዎች የከተማዋን ሌሊት የምናውቀው በመስኮት ነበር።

ከሰዓት እላፊው ይልቅ ለታሪካችን የሚጠቅመን ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ተፈጠረ። ኪራዩ እጅግ ርካሽ ነው። ተከራዩ ግን ባለቤት አይደለምና ግድግዳውን ለማደስ እጁ አይፈታም፤ ባለቤቱ መንግሥትም ከሚሰበስበው ኪራይ ጣራ ሊቀይር አይችልም። ቤቱ ያረጃል፣ ሰዉ ይኖራል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲከፈት አዝማሪ ቤቶች ካዛንቺስን የመረጡት በእነዚህ ምክንያቶች ይመስለኛል። አዝማሪ ቤት አዳራሽ አይፈልግም። ማሲንቆ ያለ ድምፅ ማጉያ የሚሰማበት፣ አዝማሪው የእንግዳውን ፊት አይቶ ስንኝ የሚቋጥርበት ጠባብ ክፍል ይበቃዋል። ባለቤቷ ከመጠጥ ታተርፋለች፤ አዝማሪው በግንባሩ ከሚለጠፍለት ብር ያድራል። በዚህ ገቢ የገበያ ኪራይ መክፈል አይቻልም። ደግሞም አንድ አዝማሪ ቤት ብቻውን አይቆምም፤ እንግዳው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ የሚገባበት ሰፈር ያስፈልጋል። (አንድ ምሽት አንድ አዝማሪ መነጽሬን ከመማር ብዛት ጋር አያይዞ ያዜመብኝን ለባልደረቦቼ ብነግራቸው ከምርምር ጽሑፎቼ ሁሉ የሚያስታውሱት እሱን ብቻ ነው።)

በ1990ዎቹ ካዛንቺስ የንግድ ማእከል እንዲሆን ታቀደ። ከፊሉ ፈረሰ፤ ሆቴሎችና ሕንፃዎች ተተከሉ፤ ቀሪው «ይነሣል» ተብሎ ቆመ። እዚያው አቅራቢያ ለሸራተን ማስፋፊያ ተብሎ ነዋሪ የተነሣበት ቦታም ለዓመታት በአጥር እንደተከለለ ቆየ። «ይነሣል» የሚለው ቃል ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። የሚነሣ ቤት አይታደስም፤ የሽንት ቤት ወረፋ አይቀልም፤ ክረምት ሲመጣ ባልዲው ከጣራው ሥር ይቀመጣል። ኪራዩም አይጨምርም። አዝማሪ ቤቱን ያቆየውና የአዝማሪ ቤቱን ጎረቤት ያኮሰመነው አንድ መዘግየት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ እንዳለ ይቆይ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ የዘፈኑን ውበት የሚያወራው ብዙውን ጊዜ እዚያ ያላደረ ሰው ነው።

ክርክሬ ከሒሳቡ ጋር ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ካሳን በዋነኛነት ያሰላው በመሬቱ ላይ ካለ ንብረት ተነሥቶ ነበር። በቀበሌ ቤት ውስጥ ያለ ዘፈን ንብረት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ሲደነግግ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሕጉ በግድግዳና በጣራ የማይለካ ነገር መኖሩን አመነ። ሆኖም ትስስሩን የሚያየው በአንድ ተነሺ ጉዳት መልክ ነው። ደንበኛው፣ አዝማሪው፣ ባለቤቷና በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ልጅ አንድ ላይ የሠሩት ምሽት በየትኛው ተነሺ ስም ይመዝገብ?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኮሪደር ልማቱ፣ ሃያ ዓመት የዘገየው ነገር በሳምንታት ውስጥ ተፈጸመ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር፣ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። የውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማእከልነት ያሳደገው ፈንድቃም ፈረሰ። ፈንድቃ ስሙ ባሕር የተሻገረ ስለነበር መፍረሱ ተጻፈ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ትርኢቱም መስቀል አደባባይ ዳር ባለ ዓለም አቀፍ ሆቴል መጠለያ አገኘ። ስማቸው ከመናኸሪያ እስከ ዑራኤል ብቻ ይታወቅ የነበሩት ቤቶች ግን በየትኛው በር እንደነበሩ የሚያሳይ ካርታ የለኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ልሠራው እችል ነበር።

አሁን ከእናንተ መካከል የነዚያን ቤቶች ስምና ቦታ የሚያስታውስ ካለ፣ ከጥያቄዎቹ በፊት እሱን ብሰማ እመርጣለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ።