በሬና ሞፈር ወይስ ጎራዴ? ከእስር ወደ ፎገራ የሚመለሰው ሰውና የዋስ ታሪካችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣውን መንገድ ይዘን ወደ አጼ ቴዎድሮስ ዘመን እንመለስ። ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ካወጧቸው አዋጆች አንዱ ሁሉም ሰው ወደ አባቱ ሙያ እንዲመለስ የሚያዝ ነበር። ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ነው ነገሩ። በዘመነ መሳፍንት መንገዱን ቀማኛ ይዞት ስለነበር አዋጁ ለሲራራ ነጋዴ ትልቅ እፎይታ ነበር። የይፋግን ገበያ የሚያደምቁት፣ በደሪጣ ሰፍረው የኖሩት ሙስሊም ነጋዴዎችም ዕቃቸውን ጭነው የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነበር።

በ1855 ዓ.ም. ገደማ አገራችን ገብቶ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ጊዮም ለዣን አንድ ታሪክ ጽፎ ትቶልናል። በዝርፊያ የታወቁ የቲስባ ሰዎች እስከ አፍንጫቸው ታጥቀው ደብረ ታቦር ንጉሡ ዘንድ ይቀርባሉ። በአዋጁ መሠረት የአባቶቻችን ሙያ ይጽናልን ይላሉ። ንጉሡም ሙያችሁ ምንድን ነው ብለው ይጠይቋቸዋል። መንገድ ላይ መዝረፍ ነው ብለው በድፍረት ይመልሳሉ። ቴዎድሮስ በዚያች ሰዓት አልተቆጡም ይላል ለዣን። ሙያችሁ አደገኛ ነው፣ እርሻ ይሻላችኋል፤ ወደ ሜዳው ወርዳችሁ እረሱ፣ የላምጌ መሬት ከግዛቴ ሁሉ ምርጥ ነው፤ በሬውንና ሞፈሩን እኔ ራሴ እሰጣችኋለሁ አሏቸው። ሰዎቹ ግን አሻፈረን አሉ። ንጉሡም እንግዲያውስ ይሁንላችሁ ብለው አሰናበቷቸው። ንጉሥ አስፈራራን ብለው እየተኩራሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቴዎድሮስ መንገድ ላይ ደረሱባቸውና በጎራዴ ጨረሷቸው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የንጉሡን ቁጣ ለማሳየት ነው። እኛ ግን ዛሬ ቆም ብለን የምናየው መሐል ላይ ያለውን ነገር ነው። በሬ፣ ሞፈርና መሬት። ከወንጀል የሚመለስ ሰው የሚቆምበት ነገር ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ከውጭ ድርጅት የመጣ አይደለም። እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ፣ ከዛሬ 160 ዓመት በፊት፣ በንጉሥ አፍ ተነግሯል። ንጉሡ ራሳቸውም በወጣትነታቸው በቋራ በረሃ ሸፍተው የኖሩ ሰው ስለነበሩ ነገሩን ያውቁታል።

ጎራዴውስ ሰላም አመጣ ወይ? አላመጣም። አመፁ ከዓመት ዓመት ተስፋፋ። በዘመናቸው መጨረሻ በጌምድርን የዘረፈው የንጉሡ የራሳቸው ጦር ሆነ፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች።

*ወህኒ፣ ከርቸሌ፣ ማረሚያ ቤት*

እስር ቤትን የምንጠራባቸው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። ወህኒ የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። ከፎገራ በስተ ሰሜን፣ በጎንደር ዙሪያ ወህኒ የሚባል አምባ አለ። ከአጼ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ዙፋን ሊመኙ ይችላሉ የተባሉ የነገሥታት ልጆች እዚያ ይጠበቁ ነበር። የአምባው ስም በጊዜ ብዛት የእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ከርቸሌ ደግሞ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ቃል ነው። አዲስ አበባ የነበረው ትልቁ እስር ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም ዓለም በቃኝ ነበር። ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። አሁን የምንጠቀምበት ቃል ማረሚያ ቤት ነው። ቃሉ ትልቅ ቃል ኪዳን አለው፤ ገብቶ የወጣ ሰው ታርሟል ማለት ነውና። ሰውየው ሲወጣ ግን እኛ አሁንም ወህኒ የከረመ ነው የምንለው።

ስለ ወህኒ አምባ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ቀዳማዊ አጼ ኢያሱ አንድ ጊዜ ከአምባው ሥር ሰፍረው እስረኞቹ ዘመዶቻቸው እንዲወርዱ አዘዙ። የወረዱት ልዑላን ልብሳቸው ያለቀ፣ የተጎሳቆሉ ነበሩ። የተመደበላቸውን ቀለብ ጠባቂዎቹ ይበሉት ነበር። ንጉሡ አዘኑ፤ አለበሷቸው፣ ገንዘብ ሰጧቸው፣ ከአምባው ሥር በነፃነት እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው። ብሩስ እንደሚለው አንድም ሰው አላመለጠም። ሁሉም በገዛ ፈቃዳቸው ወደ አምባው ተመለሱ። ሰንሰለት ያልያዘውን ሰው ክብር ያዘው።

*ቁራኛና ዋስ*

ለተራው ሰው የነበረው ሥርዓት ሌላ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። የዓይን ቁራኛ የምንለው አባባል ከዚያ የቀረ ነው። ከቁራኛው የሚያወጣው ደግሞ ዋስ ነው። ዋስ ማለት ይህ ሰው ቢጠፋ እኔ አለሁ ብሎ በሰው ፊት የሚቆም ማለት ነው። እስረኛን መንግሥት አይቀልበውም፤ ዘመድ ስንቅ ያመላልስለታል፣ ዘመድ የሌለው በሰንሰለቱ እየተጎተተ ይለምናል።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የነበረ አይደለም። ታላቁ ፈቂህ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ባዘጋጁት ኪታቡል ኸራጅ እስረኞች በሰንሰለት ሆነው ሲለምኑ ማየት ለሙስሊም ኡማ ነውር መሆኑን ገልጸዋል። ለእያንዳንዱ እስረኛ በየወሩ ከበይተል ማል 10 ዲርሃም በእጁ እንዲሰጠው፣ የክረምትና የበጋ ልብስም እንዲኖረው መክረዋል። ይህን የጻፉት ከ1,200 ዓመታት በፊት ነው።

ነፍስ የጠፋ እንደሆነስ? በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። እነሱም ወይ ሞቱን ይመርጣሉ፣ ወይ የደም ካሳ ይቀበላሉ። ከሸሪዓው የቂሷስ፣ የዲያና የይቅርታ ሥርዓት ጋር ያለውን መቀራረብ ልብ በሉ። ሽማግሌ መሐል ገብቶ ደም ያደርቃል። ወሎ ውስጥ አበጋሮች ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው ደመኞችን ሲያስታርቁ ኖረዋል። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅሙ ቅጣቱ አልነበረም። ሰውየው ነገ አብሮት ከሚኖረው ጎረቤት ጋር ፊት ለፊት ተያይቶ መጨረሱ ነበር።

*ሕጉ ምን ይላል?*

የዘመናዊ እስር ቤት ሕግ በአዋጅ የወጣው በ1936 ዓ.ም. ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በኋላ የተተካበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የቅጣትን ዓላማ ከበቀል ወደ መታረም አዙረውታል። የ1996ቱ ሕግ መግቢያ ራሱ እስረኛ ሲወጣ የሚጠቅመውን ሙያና ትምህርት መማሩን እንደ ትልቅ ጉዳይ ያነሳል። በሕጉ መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ጠባዩ መሻሻሉ ሲሆን፣ ሌላው ያደረሰውን ጉዳት በሚችለው መጠን መካሱ ነው። ከወጣም በኋላ በሕጉ የተወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ ከኖረ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ይህን መብት የሚያውቁት ስንቶቹ ናቸው?

ሕጉ እስከ በሩ ድረስ ይሸኘዋል። ከበሩ ወዲህ ያለው መንገድ የእኛ ነው።

*በሩ ሲከፈት*

አንድ የፎገራ ልጅ 5 ዓመት ታስሮ ደብረ ታቦር ላይ ተፈታ እንበል። መኪና ይዞ ወረታ ይወርዳል። ሦስት ነገር ይጠብቀዋል።

አንደኛው ደም ነው። ጥፋቱ ነፍስ ወይም አካል ከሆነ መንግሥት ቀጥቶታል፣ የተበደለው ቤተሰብ ግን አልታረቀም። ስለዚህ ቀዬው መግባት ይፈራል። ወይ ከተማ ይቀራል፣ ወይ መሣሪያ ይፈልጋል። መሣሪያ የፈለገ ቀን ወደ ነበረበት ተመለሰ ማለት ነው። እርቁ መጀመር ያለበት ሰውየው ከተፈታ በኋላ አይደለም፣ ገና እስር ላይ እያለ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ነው። አልሐምዱሊላህ የፎገራ ሜዳ ሥራ የሌለበት አገር አይደለም። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው መታወቂያ ሆኗል። አረሙ፣ አጨዳው፣ ውቂያው ሰው ይፈልጋል። በወረታ መፈልፈያ ቤቶች ጫኝና አውራጅ አይጠፋም። በበጋ በርብና በጉማራ ውኃ ሽንኩርት ይለማል። ነገር ግን ከቀን ሥራ ከፍ ያለ ነገር ሲጠይቅ፣ መጋዘን ልጠብቅ፣ ባጃጅ ልያዝ፣ ሱቅ ልቀጠር ሲል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው። ዋስ አለህ? እዚህ ላይ የድሮው ቃል እንደገና ይመጣል። ቁራኛው ቀርቷል፣ ዋሱ ግን አልቀረም። ዋስ ያጣ ሰው የሚያውቀው ሰው ሁሉ እስር ቤት የተዋወቀው ብቻ ይሆናል። እነሱ ደግሞ ያለ ዋስ ይቀበሉታል።

ሦስተኛው ስም ነው። መስጂድ ሲገባ አጠገቡ ያለው ሰው ጠጋ ይላል ወይስ ይርቃል? ልጆቹ ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ይባላሉ? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው መጠጥ ጠጥቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርቦ ተቀጣ። ሲሄድ ከሰዎቹ አንዱ አላህ ያዋርድህ ብሎ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዲህ አትበሉ፣ በወንድማችሁ ላይ ሸይጧንን አታግዙ ብለው ከለከሉ። ልብ በሉ፤ ቅጣቱ አልቀረም፣ ተፈጽሟል። የተከለከለው ከቅጣቱ በኋላ የመጣው ስድብ ነው። ተቀጥቶ የጨረሰን ሰው ማዋረድ ወደ ጥፋቱ መልሶ መግፋት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የበድር ምርኮኞችንም አስታውሱ። ቤዛ መክፈል ያልቻሉ፣ ግን ማንበብና መጻፍ የሚያውቁት እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን አስተምረው እንዲለቀቁ ተደረገ። ትናንት ሰይፍ መዞ የመጣ ሰው ዛሬ ያለው እውቀት ታየለት። ከእስር የሚመለሰውም እንዲሁ ነው። አናጺነት የተማረ፣ ሽመና የለመደ፣ አቋርጦት የነበረውን ትምህርት የጨረሰ አለ። መጀመሪያ ምን አጠፋህ ከማለት ምን ትችላለህ ብሎ መጠየቅ ሱናው ውስጥ ሥር አለው።

የተበደለውንም አንርሳ። ልጁን ያጣ አባት፣ በሬው የተሰረቀበት ገበሬ መጀመሪያ ሊካስና ሊደመጥ ይገባዋል። ያለ እሱ የሚደረግ ይቅርታ በቁስል ላይ ጨርቅ መጣል ነው። የሚያታልል አይጠፋም፤ እንደ ቲስባ ሰዎች በሬውን እምቢ የሚልም አለ። ለእሱ ሕግ አለ። እምቢ ያለው ግን በሬው ከቀረበለት በኋላ መሆን አለበት።

*ከእኛ ምን ይጠበቃል?*

በየከተማው ያላችሁ ወጣቶች ሆይ! ትልቅ ድርጅት አያስፈልግም። ከሰፈራችሁ ማን እንደታሰረ፣ መቼ እንደሚፈታ እወቁ። እስር ላይ እያለ ጠይቁት፣ ቤተሰቡን አትርሱ። የሚፈታ ቀን ሁለት ሰው ሆናችሁ በሩ ላይ ጠብቁት፤ የዚያች ቀን ብቸኝነት ከባድ ናት። ደም ካለ ሽማግሌዎችን አስቀድማችሁ ለምኑ፤ ሽማግሌው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ወገኖች የሚያከብሩት ይሁን። ዕዳ ተጭኖት ከሆነ ባለ ዕዳዎች ከዘካ ተቀባዮች መካከል መሆናቸውን አስታውሳችሁ ዑለሞችን ጠይቁ። መታወቂያ ለማውጣት አብራችሁት ሂዱ። ሱቅ ወይም መፈልፈያ ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ በዓመት ለአንድ ሰው ዋስ ሁኑ። አንድ ሰው ብቻ።

ቴዎድሮስ በሬውንም ጎራዴውንም ይዘው ነበር። ከእኛ እጅ ጎራዴ የለም፤ እሱ የሕግ ነው። በእጃችን ያለው በሬውና ሞፈሩ ነው፤ ያውም ሥራ፣ እርቅና ዋስ። ከደብረ ታቦር የሚወርደው መኪና ወረታ ሲቆም ማን እንደሚጠብቀው የምንወስነው እኛ ነን።

አላህ የታሰሩትን ያስፈታልን፣ የተበደሉትን ይካስልን፣ የተመለሱትን ያጽናልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።