ከጎንደር እስከ መርሳ፦ የኦፕራሲዮን ክፍላችን አጭር ታሪክ

ለመጽሔታችን ጻፊ ብትሉኝ፣ ሁላችንም ያለፍንበትን የኦፕራሲዮን ክፍል ታሪክ መረጥኩ።

ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ ከፈጀው በኋላ ነው። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ሐሳቡ ሕክምናው ወደ ሕዝቡ ይሂድ የሚል ነው። ቀዶ ሕክምና ግን ለረጅም ዘመን ከትልልቅ ከተሞች አልወጣም። መርሳ ላይ ምጥ የጠናባት እናት ወልድያ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ካልሆነም ደሴ ድረስ መሄድ ነበረባት። ከሀብሩ ቀበሌዎች እስከ አስፋልቱ ያለው የቃሬዛ መንገድ ሳይቆጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ ማሠልጠን ተጀመረ። ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል የታሰበው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ የመርሳው፣ በምጥ ለተያዘች እናት ኦፕራሲዮን እንዲሠራ የሚጠበቀው በእነዚህ ባለሙያዎች ነው።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር «ሳልትስ» የተባለውን የቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር በስምንት ምሰሶዎች ጀመረ። እስከዚያ የምንቆጥረው ሰርጀንና ክፍል ነበር፤ አሁን ሰዓትም መቆጠር ጀመረ። የመጀመሪያው ታካሚ በሰዓቱ ገባ ወይ? ቀጠሮ የያዘው ስንት ቀን ጠበቀ? የተመለሰውስ ለምን ተመለሰ? መልሱ ብዙ ጊዜ ከሰርጀኑ እጅ ውጭ ነው፦ ደም አልተገኘም፣ ጨርቁ ከኦቶክሌቭ አልወጣም፣ ኦክስጅን አለቀ፣ ድንገተኛ ገባ።

በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል፣ ለመሳፈሪያ በግ ሸጠው የመጡ አባት ከሌሊት ጀምሮ ምግብ ሳይቀምሱ ውለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ለዛሬ አልደረሰዎትም» ሲባሉ አይቻለሁ። ለእኛ ከዝርዝሩ አንድ ስም ተሰረዘ፤ ለእሳቸው ግን በጉም ቀኑም ሄደ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። ያኔ ያየነው ነገር፣ ትንሹ ሆስፒታል ሲዘጋ ሕመምተኛው ሁሉ ወደ ትልቁ እንደሚጎርፍ ነው። ትልቁም ከተዘረፈ መንገዱ ይረዝማል።

ስለዚህ የወልድያና የደሴ ጠረጴዛ የሚለቀቀው መርሳ ላይ ነው። መርሳ ላይ በሰዓቱ የተሠራች አንዲት እናት፣ ወልድያ ላይ ለአንድ ሄርኒያ ወይም ለአንድ እንቅርት ቦታ ትተዋለች።

ማኅበራችን ሆስፒታል ሲረዳ ማሽን ብቻ አይግዛ። መለዋወጫውን፣ የሚጠግነውን ባለሙያና የቀኑን ሰዓት የሚመዘግበውን ሰው ጭምር ያስብ። ያ መዝገብ በየወሩ ከተነበበ፣ እኚያ አባት በጋቸውን ሁለት ጊዜ አይሸጡም።