መሬቱ ለአራሹ፣ አፈሩስ?

የኮንሶን ኮረብታ ከሩቅ ያየ ሰው ተራራው ራሱ በደረጃ የተፈጠረ ይመስለዋል። ቀረብ ሲል ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ የተነባበረበት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍ የሚል ግንብ ያገኛል። ከግንቡ ጀርባ፣ ጎርፍ ሊወስደው የነበረ አፈር ማሽላና ሽፈራው ያበቅላል። ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ ቅብብል የመጣ ሥራ ነው፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን ከግንቡ ይልቅ የሚገርመኝ የትውልዱ አቆጣጠር ነው። በአንዳንድ የኮንሶ መንደሮች በየ18 ዓመቱ አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ በአደባባዩ ረጅም ግንድ ይተከላል። እርከኑም ከነጥገናው ይወረሳል።

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። ጫካው ሲሳሳ ማገዶው ኩበት ሆነ። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ቅጠል ከአየር የሳበው ካርቦን በሥርና በገለባ በኩል አፈር ውስጥ ይገባል፤ በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ከዚያ የሚገኘው ጥቁር ብስባሽ ውሃ ይይዛል፣ ሰብል ይመግባል። የእኛ ማሳ ግን ገለባውን ለከብት፣ ፍጉን ለምድጃ ይሰጣል። ለጤፍ ሲባል አራት አምስት ጊዜ የሚታረሰው አፈርም በተገለበጠ ቁጥር የያዘውን ካርቦን መልሶ ወደ አየር ይለቃል። በዓለም አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን በአየሩና በዕፅዋቱ ካለው ድምር ይበልጣልና የማጀቱ ሒሳብ ከሰማዩ ሒሳብ የተለየ አይደለም።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በአሥር ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጥያቄው በአዋጅ መልስ አገኘ። ያ ትውልድ የከፈለውን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። የጠየቀው ግን መሬቱ የማን እንደሆነ እንጂ አፈሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አልነበረም። አልወቅሰውም፤ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬት ለሚያስረክብ ጭሰኛ ስለ ብስባሽ ማውራት ቅንጦት ነበር።

ከዚያ ደርግ ሁለተኛውን፣ የአፈሩን ጥያቄ በዘመቻ ሊመልስ ሞከረ። ገበሬው በምግብ ለሥራ እህል እየተሰፈረለት ተራራውን በእርከን ሸነሸነው። ብዙዎች ግን እርከኑን ማሳቸውን ያጠበበና አይጥ የሚያረባ ባዕድ ነገር አድርገው ነበር የሚያዩት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ፈረሰ፤ በዘመቻ የተተከለውም ደን ተጨፈጨፈ።

ዛሬም በየዓመቱ እንቆፍራለን፣ እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በዚያው ሰሞን የዓለም ወጣቶች ትምህርት እያቋረጡ ስለ አየር ንብረት ሰልፍ ይወጡ ነበር። የእኛ አገር ሽማግሌ ዝናብ ሲቀር ምሕላ ይይዛል፤ ወጣቱ ጣቱን ባሕር ማዶ ወዳሉ ፋብሪካዎች ይቀስራል። ወጣቱ በልቀቱ ጉዳይ እውነት አለው፤ የእኛ ድርሻ ኢምንት ነው። በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ግን የማንም ፋብሪካ ሥራ አይደለም።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ የተደረገው ይለያል። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ። በአብዛኛው ችግኝ እንኳ አላስፈለገም፤ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ከመሬት ሥር በሕይወት ስለነበር ቀንበጥ አወጣ፣ ሰዎች እየገረዙ አሳደጉት። ሰባት የገበሬ ማኅበራት የመጠቀም መብት በስማቸው ተሰጣቸው፤ ደኑ ያመቀውንም ካርቦን የዓለም ባንክ ፈንድ ገዛቸው።

የዛሬው የገበሬ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ ማሳ የለውም። በበጋ የተፋሰስ ሥራ ወጥቶ ክትር የሚሠራው በሌላ ሰው መሬት ላይ ነው። በአንዳንድ የትግራይና የአማራ ክልል ወረዳዎች ያገገሙ ተራሮች መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተሰጥተው ንብ ሲያረቡባቸው ታይቷል። የተሰጠው ተራራ ጥቂት ነው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ወጣት ብዙ።