«ዓሣ መብላት በብልሃት»፦ ከስኬቬኒንገን እስከ ጣና

አበው «ዓሣ መብላት በብልሃት» ሲሉ ያስጠነቀቁት ስለ አጥንቱ ነበር። በዘመናችን ግን ብልሃቱ ከአጥንት መጠንቀቅ አልፎ ሌላ ጥያቄ አስከትሏል፤ ይኸውም ዛሬ ከገበታ የሚቀርበው ዓሣ ለልጆች ይተርፋል ወይ? የሚለው ነው። በራይስዋይክና በዴን ሃኽ የሚኖሩ ወገኖች በበጋ ቀን በትራም ወደ ስኬቬኒንገን ሲወርዱ የሚያገኟቸው የባሕር ዳር ምግብ ቤቶችም የምግብ ዝርዝራቸው ላይ «የአካባቢው ዓሣ» እና «ዘላቂ አጠማመድ» የሚሉ ቃላት መጻፍ ጀምረዋል። ሆላንዶች እነዚህን ቤቶች «ስትራንድተንት» ይሏቸዋል፤ የባሕር ዳር ድንኳን እንደ ማለት ነው። ብዙዎቹ በጸደይ ተተክለው ብርዱ ሲመጣ ይነሣሉ። የሚጽፏቸው ቃላት ግን ለማስታወቂያ ያህል የተፈለሰፉ አይደሉም፤ ከኋላቸው የከበደ ታሪክ አለ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስኬቬኒንገን ለብዙ መቶ ዓመታት ወደብ አልነበራትም። ዓሣ አጥማጆቿ ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባዎችን አሸዋው ላይ እየጎተቱ ያወጡ ነበር። በ1818 ያዕቆብ ፕሮንክ የተባለ ሰው ከእንጨት የተሠራ መታጠቢያ ቤት በባሕሩ ዳር ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሀብታሙ ለመዝናናት፣ ድኃው ለእንጀራው በአንድ አሸዋ ላይ ይገናኙ ጀመር። በታኅሣሥ 1894 የተነሣው ማዕበል አሸዋው ላይ የቆሙትን ጀልባዎች ሰባበረ። መንግሥትም ሆነ ሕዝቡ ያለ ወደብ መኖር እንደማይቻል የተረዱት ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ወደቡ በ1904 ሥራ ጀመረ።

የዚህ ሁሉ ሕይወት መሠረት ሄሪንግ የተባለው ትንሽ ዓሣ ነው። በባሕር ላይ እንዳለ ሆድ ዕቃው ተወግዶ፣ ጣፊያ መሰሉ ዕጢ ብቻ ቀርቶ በጨው በርሜል ይታሸጋል። ያ የቀረው ዕጢ ሥጋውን እያለሰለሰ ስለሚያበስለው ዓሣው ሳይበላሽ ሩቅ አገር ድረስ ይሸጥ ነበር፤ ሆላንድ ለባሕር ንግዷ ስንቅና ገንዘብ ካገኘችባቸው ምንጮችም አንዱ ይኸው ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር አዲሱ ሄሪንግ ሲደርስ ሰው ጭራውን ይዞ ከሽንኩርት ጋር ሲበላ ይታያል። እሳት ያልነካው በመሆኑ ትል እንዳያስተላልፍ ከ1968 ጀምሮ በረዶ ቤት ገብቶ እንዲቆይ በሕግ ታዟል።

ይሁን እንጂ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዓሣውን መንጋ በመሣሪያ የሚያገኙና በትልቅ መረብ ከብበው የሚያፍሱ መርከቦች በሰሜን ባሕር በዙ። ያልደረሰው ጫጩት ሳይቀር ተጠምዶ ለእንስሳት መኖ ይፈጭ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመራባት የደረሰው ሄሪንግ ከ100,000 ቶን በታች ወረደ። በ1977 ማጥመዱ ተዘጋ፤ የተከፈተውም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ዓመታት መርከብ የቆመበት ባለቤትና ከሥራ የተሰናበተ መርከበኛ ጥቂት አልነበረም። ዓሣው ግን ተመለሰ። በ1997 ደግሞ ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያና የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ተባብረው፣ በጥንቃቄ ለተጠመደ ዓሣ ምልክት የሚሰጥ ምክር ቤት አቋቋሙ።

ከዚህ ታሪክ ጋር ኢትዮጵያን የሚያገናኛት ገመድ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። ኡርክ የምትባለው የሆላንድ ዓሣ አጥማጆች ከተማ ቀድሞ ደሴት ነበረች። በ1932 ባሕሯ በታላቅ ግድብ ተዘግቶ ሐይቅ ሲሆን፣ ሰዎቿ መረባቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ባሕር ተሰደዱ። በ1986 የኡርክ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ በጣና ሐይቅ የዓሣ ልማት ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ አገሪቱ ከ1984ቱ ረኀብ ገና አላገገመችም ነበር፤ ስለዚህም ሐሳቡ ቅን ነበር። እስከዚያ ድረስ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ከዳር ዳር እያሉ ያጠምዱ የነበረው ሐይቅ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባበት። የሞተር ጀልባዎቹ ምርት በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በባሕር ዳር ከተማ የዓሣ ጥብስና የዓሣ ጉላሽ የሚሸጡ የሐይቅ ዳር ቤቶችም በዚህ ምርት ተጠቀሙ።

ጣና ግን እንደ ሰሜን ባሕር ሰፊ አይደለም፤ ጥልቀቱም ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። በውስጡ የሚኖሩት ነጭ ዓሣዎች ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ይህንንም በ1990ዎቹ ለይተው የጻፉት ከቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። ከእነዚህ ዓሣዎች ግማሽ ያህሉ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መሰል ወንዞች ይወጣሉ። መረቡም ወንዙ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ሆነ፤ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በባሕር ዳር አካባቢ የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ ወረደ። በ2003 የፌዴራሉ መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አወጣ። ነገር ግን ሕጉ ወረቀት ላይ ሲሰፍር መረቡ ውኃ ውስጥ ቀረ፤ በ2011 ደግሞ እንቦጭ የሚባለው አረም ተጨመረበት።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ሰሜን ባሕር የዳነው ተጎጂ እንዳለ ታውቆ መረቡ በጊዜው ስለተነሣ ነው። የሰሜን ባሕር ሄሪንግ ቢያልቅ እንኳ ሄሪንግ በሌላ ባሕር ይገኛል፤ የጣና ነጭ ዓሣ ካለቀ ግን ከየትም አይመጣም። ዓሣ አጥማጁንም ብቻ መውቀስ አይገባም፤ በተለይ በጾም ወቅት የከተማው ፈላጊ ሲበዛ እርሱ ለልጆቹ የሚያበላው ከዚያው ነውና። ወንዞቹ በመራቢያ ወራት እንዲጠበቁ ሲደረግ የአጥማጁም ጉሮሮ ሊታሰብለት ይገባል።

እዚህ ሆላንድ ያለው ተመጋቢም ድርሻ አለው። ስኬቬኒንገን ላይ የሚሸጠው ሄሪንግ እንኳ አብዛኛው የሚራገፈው በዴንማርክና በኖርዌይ ወደቦች ነው፤ ስለዚህ «የአካባቢው» ሲባል ከየት? ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ቪስዋይዘር የተባለው የሆላንዶች መመሪያ ዓሣን በአረንጓዴ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለም እየለየ ይናገራል። ክረምቱን ባሕር ዳር ለማሳለፍ የሚሄድም ሰው የሐይቁ ዳር ቤት ሲገባ ዓሣው ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደተጠመደ ቢጠይቅ አስተናጋጁም ባለቤቱም ይሰማሉ። የዛሬው ዘመን ብልሃት ከዚህ ይጀምራል።