ከሄይቲ መንደር እስከ ኒው ዮርክ መድረክ፡ የአፍሪካን ውዝዋዜ ያቆዩ ባለሙያዎችና ቡድኖች

ድርሰት በመጽሐፍ ይቀመጣል፡፡ ዜማም በኖታና በሸክላ ይቀረጻል፡፡ የውዝዋዜ ማከማቻው ግን የሰው ገላ ነው፡፡ የሚያውቀው ሰው ሳያስተምር ካለፈ እንቅስቃሴው አብሮት ይቀበራል፡፡ በባሪያ ንግድ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ተግዘው ወደ አሜሪካና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የተወሰዱ ሰዎች ንብረት ይዘው አልሄዱም፡፡ እንቅስቃሴያቸውን ግን ማንም ሊነጥቃቸው አልቻለም፡፡ በሄይቲ በቮዱ ሥርዓት፣ በጃማይካ በኩሚና፣ በብራዚል በካንዶምብሌ፣ በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ በጥቁሮች የጸሎት ስብሰባ ውስጥ ተጠብቆ ቆየ፡፡

በዚህ ጽሑፍ ይህንን ቅርስ አጥንተው ለመድረክ ካበቁት ባለሙያዎችና ቡድኖች መካከል የተወሰኑትን ለማስተዋወቅ እወዳለሁ፡፡ ስመ ጥር የሆኑትን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም፡፡ እኔ የመረጥኳቸው አንዱ ከሌላው እንዴት እንደተረከበ በግልጽ የሚያሳዩትን ነው፡፡ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ፈር ቀዳጁ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ተመልካች የአፍሪካን ውዝዋዜ የሚያውቀው በአመዛኙ ለማሾፍ ሲቀርብ ነበር፡፡ ይህንን ከለወጡት አንዱ የሴራሊዮኑ ተወላጅ አሳዳታ ዳፎራ ነው፡፡ በ1934 በኒው ዮርክ «ኪኩንኮር» የተሰኘውን ሥራ ለመድረክ ሲያበቃ፣ የአፍሪካ ከበሮ፣ ዘፈንና ውዝዋዜ ራሱን የቻለ የቲያትር ምሽት ሊሆን እንደሚችል አስመሰከረ፡፡

ካትሪን ደንሃም፡ ተመራማሪዋ ተወዛዋዥ

ካትሪን ደንሃም በ1909 በኢሊኖይ ግዛት ተወለደች፡፡ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ስታጠና ከሮዘንዋልድ ፈንድ ድጋፍ አግኝታ ከ1935 እስከ 1936 በጃማይካ፣ በማርቲኒክ፣ በትሪኒዳድና በሄይቲ ተዘዋወረች፡፡ በጃማይካ ከባርነት ካመለጡ ሰዎች ዘሮች መንደር ገብታ ኖረች፡፡ በሄይቲም የቮዱን ሥርዓት በቅርብ አጠናች፡፡ ማስታወሻ በመያዝ ብቻ ሳትወሰን አብራ እየተወዛወዘች ተማረች፡፡

በ1938 በቺካጎ ያቀረበችው «ላግያ» የማርቲኒክን የትግል ውዝዋዜ መሠረት ያደረገ ነበር፡፡ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዋ ግን በስሟ የሚጠራው የሥልጠና ዘዴ ይመስለኛል፡፡ ዘዴው የባሌንና የዘመናዊ ዳንስን መሠረት ከካሪቢያንና ከአፍሪካ እንቅስቃሴዎች ጋር ያዋሕዳል፡፡ ትከሻ፣ ደረትና ዳሌ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንዲንቀሳቀሱ ያሠለጥናል፡፡ እስክስታ የሚያውቅ አንባቢ ትከሻን ከቀረው ገላ ነጥሎ ማንቀሳቀስ ምን ያህል ልምምድ እንደሚጠይቅ አያጣውም፡፡ ደንሃም ይህንን ዕውቀት ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ትምህርት አድርጋ በ1940ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ከፈተች፡፡

ሥራዋ ከመድረክ ውጪም ዋጋ አስከፍሏታል፡፡ በ1950 በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ አንድ ሆቴል በቆዳዋ ቀለም ምክንያት አላስተናግድም ሲላት ጉዳዩን በአደባባይ አወጣችው፡፡ በተከታዩ ዓመት የብራዚል ምክር ቤት የዘር መድልዎን የሚያስቀጣ ሕግ አጸደቀ፡፡ በ1951 ደግሞ በቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ «ሳውዝላንድ» የተባለ ሥራዋን አቀረበች፡፡ ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ ተይዘው የሚሰቀሉበትን ግፍ የሚያሳይ በመሆኑ በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ አልተወደደላትም፡፡ በ1992 በ82 ዓመቷ ለሄይቲ ስደተኞች ስትል 47 ቀን ምግብ አልበላም ብላለች፡፡ ያረፈችው በ2006 ነው፡፡

ፐርል ፕራይመስ፡ ከላቦራቶሪ ወደ መድረክ

በ1919 በትሪኒዳድ ተወልዳ በኒው ዮርክ ያደገችው ፐርል ፕራይመስ ምኞቷ ሐኪም መሆን ነበር፡፡ በ1940 በባዮሎጂ ዲግሪ ብትይዝም ጥቁር በመሆኗ በላቦራቶሪ የሚቀጥራት አጣች፤ ወደ ዳንሱም ገባች፡፡ በ1943 ለብቻዋ ያቀረበችው «ስትሬንጅ ፍሩት» አንዲት ሴት ሰው ተሰቅሎ ከተገደለበት ዛፍ ሥር የሚሰማትን የሚገልጽ ነው፡፡ በ1944 ክረምት ወደ ደቡብ ግዛቶች ወርዳ በጥጥ እርሻ ከሚሠሩ ጥቁሮች ጋር ኖራ አኗኗራቸውንና እንቅስቃሴያቸውን አጠናች፡፡

በ1948 ባገኘችው የጥናት ድጋፍ ወደ አፍሪካ ተጓዘች፡፡ ከላይቤሪያ ያመጣችው «ፋንጋ» የተባለ የእንግዳ መቀበያ ውዝዋዜ በአሜሪካ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፈ ዛሬም ይወዛወዙታል፡፡ ፕራይመስ በ1978 የዶክትሬት ዲግሪዋን አግኝታ በ1994 አርፋለች፡፡

አልቪን ኤሊ፡ መሥራቹን ያለፈ ቡድን

በ1931 በቴክሳስ የተወለደው አልቪን ኤሊ ያለ አባት ነው ያደገው፡፡ በሎስ አንጀለስ በጉርምስና ዕድሜው የደንሃምን ቡድን በመድረክ ማየቱ ለሕይወቱ አቅጣጫ ሰጥቶታል፡፡ በ1958 በኒው ዮርክ የራሱን ቡድን መሠረተ፡፡ በ1960 ያቀረበው «ሪቨሌሽንስ» በጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙሮች የታጀበ ሲሆን በቴክሳስ ካየው የቤተ ክርስቲያን ሕይወት የተቀዳ ነው፡፡ በመድረኩ ላይ የተዘረጋ ረጅም ጨርቅ የጥምቀት ወንዝ ይሆናል፡፡ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች ማራገቢያ ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በእሑድ ሙቀት ያወጋሉ፡፡ በ1971 ለተወዛዋዧ ጁዲት ጃሚሰን ያቀናበረው «ክራይ» ደግሞ ለእናቱ የልደት ስጦታ ነበር፡፡

ኤሊ በ1987 የደንሃምን ሥራዎች ሰብስቦ በራሱ ቡድን እንዲቀርቡ አድርጓል፡፡ ባለውለታውን በሕይወት እያለች ማመስገን ማለት ይህ ነው፡፡ በ1989 በ58 ዓመቱ ሲሞት ቡድኑን ጃሚሰን ተረከበች፤ እስከ 2011 ድረስም መራችው፡፡ በ2024 እርሷም አልፋለች፡፡ ቡድኑና ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም አሉ፡፡

በባሌ ውስጥ ቦታ መጠየቅ

አርተር ሚቸል በኒው ዮርክ ሲቲ ባሌ ዋና ተወዛዋዥ ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፡፡ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደል ወደ ተወለደበት ሰፈር ተመልሶ ከካረል ሹክ ጋር በ1969 «ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሃርለም»ን መሠረተ፡፡ ባሌ የነጮች ብቻ ነው የሚለውን አመለካከት በተግባር ተቃወሙ፡፡ በ1984 «ጂዜል»ን ከአውሮፓ መንደር አውጥተው በሉዊዚያና ክሪዮሎች ዘንድ እንደሆነ አድርገው አቀረቡት፡፡ ተወዛዋዦቹ በተለመደው ፈዛዛ ሮዝ ፋንታ በየራሳቸው ቆዳ ቀለም የተነከረ ጫማና ታይት ማድረጋቸውም መለያቸው ሆነ፡፡ ዝናቸው ግን ከዕዳ አላዳናቸውም፡፡ ቡድኑ በ2004 መድረክ አቁሞ የተመለሰው በ2012 ነው፡፡ የሥልጠና ትምህርት ቤቱ ባይኖር ኖሮ የሚመለስበት ቤት አይኖረውም ነበር ብዬ አምናለሁ፡፡

ቀጣዩ ትውልድና ሌሎች አገሮች

ጃዎሌ ዊላ ጆ ዞላር ከደንሃም ተማሪ የተማረች ናት፡፡ በ1984 በኒው ዮርክ የመሠረተችው «ኧርባን ቡሽ ውሜን» የጥቁር ሴቶችን ታሪክ ይተርካል፡፡ በ2008 ከሴኔጋሉ የዠርሜን አኮኚ ቡድን ጋር በጋራ ሠርቷል፡፡ የአሜሪካኖቹ ተወዛዋዦች ሴቶች፣ የሴኔጋሎቹ ወንዶች ነበሩ፡፡

በጃማይካ አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1962 ሬክስ ኔትልፎርድና ኤዲ ቶማስ ብሔራዊ የዳንስ ቲያትር ቡድን አቋቋሙ፡፡ አባላቱ በሌላ ሙያ እየተዳደሩ ያለ ክፍያ የሚወዛወዙ ናቸው፡፡

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ በእስራኤል ይገኛል፡፡ በ1995 ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለ ቡድን መሠረተች፡፡ በ2005 «ቤታ» የተሰኘው ቡድን ተከተለ፡፡ ከኢትዮጵያ የተሰደደው የትከሻ እንቅስቃሴ እዚያ የዘመናዊ ዳንስ ቋንቋ ሆኗል፡፡

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከእነዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ቅርሱ የቆየው ጎበዝ ተወዛዋዥ ስለነበረ ብቻ እንዳልሆነ ነው፡፡ ወደ መንደሩ ወርዶ ያጠና፣ ጥናቱን ወደ ትምህርት የለወጠ፣ ትምህርቱን የሚረከብ ሰው ያዘጋጀ ስለነበረ ነው፡፡ በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ የጎጃሙንም፣ የወላይታውንም፣ የጉራጌውንም ውዝዋዜ እናያለን፡፡ አጨብጭበን እንወጣለን፡፡ እኔ በታደምኩባቸው ግን ውዝዋዜውን ማን እንዳቀናበረው፣ ከየትኛው መንደር ከማን እንደተማረው ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፡፡ ስሙ ያልተመዘገበ አስተማሪ ሲሞት ምን እንደጠፋ እንኳን ማወቅ አይቻልም፡፡ የስምና የቦታ መዝገብ መያዝ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል፡፡