ከአርባ ልጆች እስከ ዋሊሶው ልጅ

ስሙኝማ፣ የአምቦና የጉደር፣ የጊንጪና የጌዶ፣ የሆለታና የአዲስ ዓለም ሰዎች! ጥላሁን ገሠሠን እንደምታውቁት አውቃለሁ። በሠርግ ቤት፣ በሚኒባስ፣ በቡና ቤት ድምፁ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከዚያ ድምፅ ኋላ ስለቆሙት ሰዎች ነው፤ ባንድ ስለመሩት፣ ኖታ ስለጻፉት፣ ስማቸው በዘፋኙ ስም ተሸፍኖ ስለቀረው። ነገሩ የሚጀምረው ከዋሊሶም ከአምቦም ርቆ፣ ኢየሩሳሌም ላይ ነው።

ዘመኑ 1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲያልፉ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። እዚያ፣ ወላጆቻቸው በኦቶማን ቱርክ ዘመን በደረሰው እልቂት ያለቁባቸው የአርመን ልጆች የናስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ሰምተው ብቻ አላለፉም። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ ሊያስመጡ ተስማሙ። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። መሪያቸው የሙዚቃ መምህሩ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ እሳቸውም አርመን።

የናስ ጥሩንባ ለአገራችን ያን ዕለት አዲስ ሆኖ አልመጣም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ የናስ ሙዚቃ መሣሪያ ልከው ነበር። አርባ ልጆች ያመጡት ሌላ ነገር ነው፤ ከወረቀት እያነበበ በአንድ ትንፋሽ የሚነሣ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያርፍ ባንድ።

አሁን ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ልውሰዳችሁ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የፖል ዋይትማን ኦርኬስትራ የጆርጅ ገርሽዊንን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። አርባ ልጆች አዲስ አበባ ከገቡ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሉዊስ አርምስትሮንግ ጥሩንባውን ይዞ የፍሌቸር ሄንደርሰንን ባንድ ተቀላቀለ። የሄንደርሰን አቀናባሪ ዶን ሬድማን ሳክስፎኖቹን በአንድ ወገን፣ ጥሩንባና ትሮምቦኖቹን በሌላ ወገን አሰልፎ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እንዲመልስ አድርጎ ይጽፍ ነበር። አውጪና ተቀባይ ማለት አይደለም ወይ? በሸዋ ገጠር አንዱ አውጥቶ ሌላው ሲቀበል ላደገ ጆሮ ይህ ባዕድ ሊሆን አይችልም። የዳንስ ባንዱ ሙዚቃ ኋላ አዲስ አበባ ሲደርስ በቶሎ የተወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ ኬቮርክ ልመለስ። በ1918 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። አገሪቱ እስከ አብዮቱ ድረስ የቆመችለት መዝሙር ያው ነበር።

ከኬቮርክ ቀጥሎ የሚነሡት የወንድማቸው ልጅ ናቸው። ነርሲስ ናልባንዲያን ይባላሉ፤ የሙዚቃው ሰው «ሙሴ ነርሲስ» የሚላቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 አይንታብ ተወለዱ፤ ቤተሰባቸው ተሰዶ ሐለብ ገባ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ መጡ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ድረስም አገራቸው ይችው ሆነች። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ፣ የፖሊስን ኦርኬስትራ፣ የክብር ዘበኛን ሙዚቀኞች አሠለጠኑ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ ከአጎታቸው ተረክበው መሩ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። ቁጠሩልኝ እስቲ፣ ከዚያ ዘመን ሙዚቀኛ በእሳቸው እጅ ያላለፈ ስንት ይገኛል?

የሥራቸውን ክብደት ለማየት ወደ ቅኝታችን እንግባ። ትዝታን ውሰዱ። ትዝታ በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ የአውሮፓው ሜጀር ሰባት አለው። ከሰባቱ አራተኛውና ሰባተኛው በትዝታ ውስጥ የሉም። የአውሮፓ ባንድ ደግሞ ዘፈኑን ወደ ማረፊያው የሚያመጣው በተለይ በእነዚያ በሁለቱ ጉልበት ነው። እንግዲህ አቀናባሪው ምን ያድርግ? የሌሉትን ድምፆች ቢጨምር ትዝታው ትዝታነቱን ይለቃል። ባይጨምር ደግሞ ኮንሰርቫቶሪ የሚያስተምረው ስምምነት አይሠራለትም። ሙሴ ነርሲስ ሁለቱንም ሳይለቁ መንገድ ፈለጉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን በጥንቃቄ ደርድረው፣ የችክችካውን ምት ሳይነኩ፣ ለቅኝቱ ስምምነት ሠሩለት። ከእሳቸው በፊት ይህን በዚህ ስፋት የሠራ አላውቅም። ለእኔ የዘመናዊው ሙዚቃችን መሠረት ይህ ነው፤ ሲነገር ግን ብዙ አልሰማም።

አሁን ወደ እናንተው አገር እንምጣ። ዋሊሶ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ትቆጠራለች፤ ዞኑ ሳይከፈል በፊት ግን ከአምቦ ጋር በአንድ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነበረች። ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ልጅነቱን በዋሊሶ በአያቶቹ ቤት አሳለፈ፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤትም ተማረ። ልጁ ያንጎራጉራል፤ አያቱ «ትምህርትህን ያዝ» ይላሉ። ሱዳናዊው ርእሰ መምህር ግን ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ ያበረታቱታል። የሀገር ፍቅር ቴአትር ሰዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ትርዒት ባሳዩ ጊዜ ልጁ ከመካከላቸው ኢዮኤል ዮሐንስን ጠጋ ብሎ የልቡን ነገራቸው። «መዝፈን ከፈለግህ አዲስ አበባ ና» አሉት።

ከዚህ ወዲያ ማን ይያዘው! በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ መንገድ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት አንድ ሌሊት አደረ፤ አያቱ ደርሰው ዋሊሶ መለሱት። እዚያም ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ ጭነት በተጫነ መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ያ ጭነት መኪና ምን እንደጫነ ሾፌሩ ቢያውቅ ኖሮ!

በሀገር ፍቅር ጥቂት ሠርቶ ክብር ዘበኛ ገባ። የባንድ መሪ ነገር የሚገለጠው እዚህ ነው። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ ወታደር ነበር፤ ልምምዱ በሰዓት፣ ኖታው በፊቱ፣ መሪው በደረጃ። ከመሪዎቹና ከአቀናባሪዎቹ አንዱ ኮሎኔል ሳህሌ ደጋጎ ነበሩ። ጥላሁን፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከተጫወቷቸው ዜማዎች ብዙው የእሳቸው እጅ አለበት። ዘፈኑን ስትሰሙ ጥላሁን ከመግባቱ በፊት ያለውን መግቢያ ልብ በሉ፤ ሳክስፎኖቹ ጠርተው ጥሩንባዎቹ ይመልሳሉ፣ መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ድምፁ ይገባል። ዘፋኙ ላይ የምናደንቀው ያ ግርማ ግማሹ በመሪው ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ጦሱ ለሙዚቀኛውም ተረፈ፤ ጥላሁን ታሰረ።

የአምቦስ? የአምቦው ልጅ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ነው፤ ቦዳ ተወልዶ አምቦ የተማረው። ገና ተማሪ ሳለ የጻፈውን ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ አምቦ ላይ አይተውለታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለንግሥናው የብር ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመራው ይኸው የአምቦ ልጅ ነው። ሙሴ ነርሲስ ኦርኬስትራውን የመሩበት ያው ቤት ነው፤ ዋሊሶ ያደገው ጥላሁንም ከክብር ዘበኛ በኋላ ለዓመታት የሠራው እዚያው ነው። ከሐለብ የመጣው፣ ከቦዳ የመጣው፣ ከዋሊሶ የመጣው በአንድ መድረክ ደጃፍ ገቡ።

ስለ ዘፈን ሸክላው ደግሞ በአጭሩ ላውጋችሁ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ኋላ የፊሊፕስ ኩባንያ መጣ፤ ጥላሁንም ለፊሊፕስ ቀረጸ። በ1961 ዓ.ም. ገደማ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሕንድ ድረስ ልኮ ነው ያሳተመው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ትይዛለች፤ አቀናባሪው ሐሳቡን በጥቂት ደቂቃ መጨረስ ነበረበት። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የሰዓት እላፊው የምሽቱን ዳንስ ዘጋው፣ ካሴት ሸክላውን ተካ፣ አምሃም አሜሪካ ገባ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እነዚያን ሸክላዎች ለዓለም መለሳቸው፤ 17ኛው የጥላሁን ነው። የሙሴ ነርሲስ የኦርኬስትራ ሥራ ግን አብዛኛው በወረቀት ቀርቶ ነበር። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ በዚያ ኖታ ላይ ሠርቶ ሙዚቃቸውን እንደገና አሰማ። አሜሪካኖች ፈልገው የተጫወቱትን ኖታ እኛ ምን ያህል እናውቀዋለን? ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በአምቦ፣ በጉደር፣ በዋሊሶ፣ በጊንጪ፣ አያት በሞቱበት ቤት ቆጥ ላይ ሸክላ ያላችሁ አትጣሉ፤ ባረጀ መርፌም አታጫውቱ። ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ውሰዱና ቅጂ ይነሣላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ወይም በጦር ሠራዊት ባንድ የነፋ ሽማግሌ በሰፈራችሁ ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ በየትኛው ዘፈን ላይ ማን ጥሩንባ ነፋ፣ ማን ሳክስፎን ያዘ፣ ኖታውን ማን ጻፈው። የሚነግራችሁን ከነስሙ በወረቀት አስፍሩት።